ተጫዋች ያልሆኑት ልጆች የት ደረሱ?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አቢጃን ላይ የተካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ያየ ሰው ሲሞን አዲንግራን አይረሳውም። አይቮሪ ኮስት በገዛ ሜዳዋ፣ በሕዝቧ ፊት፣ በናይጄሪያ 1 ለ 0 እየተመራች ነበር። የ22 ዓመቱ የክንፍ ተጫዋች የማዕዘን ምት አሻማ። ፍራንክ ኬሲዬ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ያው ልጅ በግራ በኩል ኳሷን ወደ ጎሉ አሻገራት። ሴባስቲያን ሃለር እግሩን ዘርግቶ ነካት። 2 ለ 1። ዋንጫው አቢጃን ቀረ። አዲንግራም የውድድሩ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ።

ይህ ልጅ ያደገው ጎረቤት አገር ጋና ውስጥ፣ ራይት ቱ ድሪም በሚባል አዳሪ አካዳሚ ነው። ስሙ «የማለም መብት» እንደማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ በር አንኳኩቶ ነበር። አካዳሚ አስገባዋለሁ ያለ ሰው ቤተሰቡን አታሎ ወደ ቤኒን ወስዶት እንደነበር አዲንግራ ራሱ ተናግሯል።

ሁለቱ በሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ላይ «አካዳሚ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ወላጅን «ልጁን ለእኔ ተውልኝ» ይላሉ። ሁለቱም ስለ አውሮፓ ያወራሉ። ታዲያ አንድ እናት በምን ትለያቸው? የሜዳው ሣር አይነግራትም። የአሠልጣኙ ቱታም አይነግራትም። እኔ ይህን ጉዳይ ስከታተል የቆየሁት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ተጫዋች ሳይሆን ቢቀር ምን ይሆናል? አንድን አካዳሚ የምመዝነው በዚህ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው ልጅ ተጫዋች አይሆንም። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመን።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊሽካ፣ ማልያና ባዶ ሜዳ

ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አካዳሚ ለመክፈት ብዙ ነገር አያስፈልግም። ባዶ ሜዳ፣ አሥራ አምስት ማልያ፣ አንድ ፊሽካ። በአክራ፣ በአቢጃንና በሌጎስ ሰፈሮች እንዲህ ያሉ ቡድኖች ሞልተዋል። ጋናዎች የታዳጊዎቹን ኳስ «ኮልትስ» ይሉታል። እኛ ሰፈር «ፕሮጀክት» እንደምንለው ማለት ነው።

የእነዚህን ቡድኖች ባለቤቶች በሙሉ በክፉ ማንሣት ግፍ ነው። ብዙዎቹ ከኪሳቸው ታኬታ የሚገዙ፣ የተራበ ልጅ የሚያበሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የምናየው መሐመድ ኩዱስ ኒማ በሚባለው የአክራ ድሃ ሰፈር ነው የተወለደው። ኳስን የጀመረውም እዚያው በሰፈር ቡድን ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ የልጁን ችሎታ ማንም አያየውም ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ እንደ ሎተሪ ቲኬት መታየት ሲጀምር ነው። «ወኪል ነኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ለፓስፖርት፣ ለቪዛ፣ «ፈረንሳይ ለሚደረግ ሙከራ» እያለ ገንዘብ ይጠይቃል። ቤተሰብ ይበደራል፣ ያለውን ይሸጣል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይወጣል፤ «ከዚህ በኋላ ደብተር ምን ይሠራለታል» ይባላል። ከዚያ ወይ አገሩ ላይ ይታለላል፣ ወይ አንድ የአውሮፓ ከተማ ደርሶ ሰውዬው ስልክ ማንሣት ያቆማል። ዣን ክሎድ ምቩሚን የሚባል የቀድሞ የካሜሩን ተጫዋች በ2000 ፓሪስ ውስጥ ፉት ሶሊዴር የሚባል ድርጅት ያቋቋመው እንዲህ የተጣሉ ልጆችን ለመርዳት ነው።

አውሮፓ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ከላይቤሪያና ከአካባቢው የተወሰዱ ታዳጊዎች እስያ ድረስ፣ ላኦስ ውስጥ፣ አካዳሚ ተብዬ ቦታ ተዘግተው መገኘታቸው ተዘግቦ ዓለምን አነጋግሯል። አስቡት። የሞንሮቪያ ልጅ፣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር፣ ኳስ እጫወታለሁ ብሎ።

ፊፋ ይህን ለማስቆም በ2001 ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ከለከለ። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ከቀየሩ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወይም ድንበር ላይ የሚኖር ከሆነ ይፈቀዳል። ለአክራ ወይም ለዳካር ልጅ አንዳቸውም አይሠሩለትም። እሱ 18 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል።

ሕጉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ከኋላው ትቷል። መልማዮች ጎበዝ ልጅን የሚያዩት በ11 ወይም በ12 ዓመቱ ነው። መሄድ የሚችለው በ18 ነው። በመካከል ስድስት ሰባት ዓመት አለ። ይህ ጊዜ ደግሞ ልክ የትምህርት ቤት ዕድሜ ነው! ልጁ በእነዚህ ዓመታት ምን ይሥራ? ማን ያብላው? ማን ያስተምረው? ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም። መልሱ አካዳሚው ላይ ወደቀ።

ዕድሜን መቀነስ የሚባለውም በሽታ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ወጣት መምሰል ዋጋ ካለው ሰው ወረቀት ይቀይራል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ዕድሜያቸውን ከአጥንታቸው ለማወቅ የልጆችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስነሣት ጀመረ። እኔ ግን በትክክል የተያዘ የትምህርት ቤት መዝገብ ከማሽኑ የበለጠ ያግዛል ባይ ነኝ። በ11 ዓመቱ አምስተኛ ክፍል የተመዘገበ ልጅ በ17 ዓመቱ 14 ነኝ ማለት ይቸግረዋል።

አቢጃን ቀድማ ነበር

ኳስንና ትምህርትን በአንድ ጊቢ ማዋሃድ የጋና ፈጠራ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ጊዩ ከአሴክ ሚሞዛስ ክለብ ጋር ሆኖ አቢጃን ላይ አንድ አካዳሚ ከፈተ። ልጆቹ እዚያው ይኖራሉ፣ እዚያው ይማራሉ፣ በባዶ እግራቸው ይለማመዳሉ። ኮሎ ቱሬ፣ ያያ ቱሬ፣ ዲዲዬ ዞኮራ፣ ኢማኑኤል ኢቡዬ፣ ሰሎሞን ካሉ፣ ዠርቪኞ የወጡት ከዚያ ነው። በ1999 አሴክ የአካዳሚውን ልጆች አሰልፎ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 አሸንፎ የአፍሪካ ሱፐር ካፕን ወሰደ። ልጆች ነበሩ። ትልልቆቹን አሸነፉ።

ከዚያ ጊዩ የቤልጅየሙን ቤቨረን ክለብ ያዘ። ልጆቹ ወደዚያ ጎረፉ። አንዳንድ ቀን የቤቨረን አሰላለፍ ከሞላ ጎደል አይቮሪያውያን ብቻ ነበሩ። አፍሪካ ላይ ማሳደግ፣ ትንሽ የአውሮፓ ክለብ ላይ ማሳየት፣ ከዚያ ለትልቁ መሸጥ፦ ዛሬ ሁሉም የሚሠራበት መንገድ ያኔ ተጠረገ። አይቮሪ ኮስትም በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ስትገባ የዚያ ጊቢ ልጆች የቡድኑ ምሰሶ ነበሩ።

ቮልታ ወንዝ ዳር

ራይት ቱ ድሪምን በ1999 የጀመረው ቶም ቨርነን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ለማንችስተር ዩናይትድ በአፍሪካ ተጫዋች ፈላጊ ሆኖም ሠርቷል። አክራ ላይ ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ፣ አብሯቸው እየኖረ ጀመረ። አሁን አካዳሚው ያለው ኦልድ አክራዴ በሚባል መንደር፣ ከአኮሶምቦ ግድብ ብዙም ሳይርቅ፣ ቮልታ ወንዝ ዳር ነው። መኝታ ቤት፣ መማሪያ ክፍል፣ ሜዳ፣ ሁሉም አንድ ጊቢ ውስጥ።

መልማዮቹ በጋናና በጎረቤት አገሮች ዞረው ልጆችን ይመርጣሉ። ልጁ የሚገባው አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ሲሆን ነው። ቤተሰብ አይከፍልም። ምግቡ፣ ትምህርቱ፣ ታኬታው፣ ሕክምናው በአካዳሚው ነው። የሚሰጠው ነገር «ስኮላርሺፕ» ይባላል። ቃሉን ወድጄዋለሁ። ወላጅ ልጁን ኳስ ሊያጫውት ሳይሆን ትምህርት ሊያስተምር እንደላከው እንዲሰማው ያደርጋል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። አካዳሚው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለልጆቹ ሁለት መውጫ አዘጋጀ። አንደኛው የተለመደው ነው፤ አውሮፓ፣ ክለብ፣ ውል። ሁለተኛው ግን ለአፍሪካ አካዳሚ አዲስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሀብታሞች ልጆቻቸውን የሚልኩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ኳስ ተጫዋች የሆነ ጎበዝ ተማሪ ሲያገኙ ሙሉ ወጪውን ችለው ያስተምራሉ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ራይት ቱ ድሪም ይህን በር አገኘውና ልጆቹን በእሱ መላክ ጀመረ።

ይህ ምን እንደለወጠ ልብ በሉ። በሌላው አካዳሚ የ16 ዓመት ልጅ «ለአውሮፓ ትንሽ ይቀርሃል» ከተባለ አለቀለት። ሻንጣውን ይዞ ወደ ሰፈሩ። ትምህርቱን አቋርጧል፣ ጓደኞቹ አልፈውታል፣ ቤተሰቡ አፍሯል። እዚህ ግን ለአውሮፓ ትንሽ የቀረው ልጅ ለአሜሪካ ትምህርት ቤት ኮከብ ነው። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ብቻ! ስለዚህ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለልጁ እንደ ሁለተኛ እግር ሆኑ። በግራ የማይመታ ተጫዋች እንደሚቸገረው ሁሉ፣ የማያነብ ልጅም እዚያ ይቸገራል።

አቡ ዳንላዲን ውሰዱ። ታኮራዲ የምትባለው የጋና ከተማ ልጅ ነው። ከአካዳሚው ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው «ደን» (Dunn) የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2017 የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ሶከር ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ከሁሉም በፊት፣ አንደኛ ሆኖ የተጠራው የእሱ ስም ነው። ሚኒሶታ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ጉዳት አስቸግሮታል። ኳስ እንዲህ ናት። ጉልበት ይሄዳል፣ ጡንቻ ይበጠሳል። ዩሲኤልኤ ገብቶ የተማረውን ግን ማንም አይወስድበትም።

ትምህርቱ ለተሳካላቸውም ቢሆን ትርፍ ጌጥ አይደለም። የ18 ዓመት ልጅ በክረምት ዴንማርክ ሲገባ አስቡት። ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይጨልማል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ፊቱ ላይ ሃያ ገጽ ውል ተቀምጧል፤ ግብር አለ፣ የወኪል ድርሻ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። ማንበብ የማይችል ልጅ «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል ይፈርማል። ስንቱ አፍሪካዊ ተጫዋች ነው ሚሊዮን እየተከፈለው ባዶ እጁን የቀረው።

የሲቲ ትምህርትና የዴንማርኩ ክለብ

አካዳሚው አንድ ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ሞክሯል ብዬ አስባለሁ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከማንችስተር ሲቲ ጋር ትስስር ፈጥሮ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እንደ ጎድስዌይ ዶንዮና ቶማስ አግዬፖንግ ያሉ ልጆች ለሲቲ ፈረሙ። ከዚያ በውሰት ተላኩ። ስዊድን፣ ሆላንድ፣ ስኮትላንድ። አንዳቸውም ለሲቲ ዋናው ቡድን በፕሪሚየር ሊግ አንድ ደቂቃ ሳይጫወቱ ቀሩ። ትልቅ ክለብ ልጅን ይፈርማል እንጂ ትዕግሥት የለውም።

በ2015 መጨረሻ አካዳሚው ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። የአውሮፓ ክለብ አፍሪካዊ ልጅ ይገዛል እንጂ የአፍሪካ አካዳሚ የአውሮፓ ክለብ ሲገዛ አልተለመደም። ራይት ቱ ድሪም ግን የዴንማርኩን ኖርሼላን ገዛ። ክለቡ ከኮፐንሃገን ሰሜን ፋሩም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለው። በ2012 የዴንማርክ ሻምፒዮን ነበር። አሁን ልጁ 18 ሲሞላው የሚሄደው ስሙን ወደሚያውቁበት ቤት ነው። ቀድመውት የሄዱ ጓደኞቹ እዚያ አሉ። አሠልጣኙ ለልጆች ዕድል መስጠት ሥራው ነው። ኖርሼላን ለዓመታት ከአውሮፓ በጣም ወጣት ቡድኖች አንዱ ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው፤ በዚህ ዓይነት ልጆች በ2023 የዴንማርክ ሊግ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል።

ኩዱስ በ2018 በዚህ በር አለፈ። በ2020 የሆላንዱ አያክስ በ9 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወሰደው። በ2022 የዓለም ዋንጫ ጋና ደቡብ ኮርያን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው። ጨዋታው የተደረገበት የኳታር ስታዲየም ስሙ «ኤዱኬሽን ሲቲ»፣ የትምህርት ከተማ መሆኑ እስካሁን ደስ ይለኛል። ከዚያ ዌስትሃም፣ በ2025 ደግሞ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ቶተንሃም። ካማልዲን ሱለማና፣ ኧርነስት ኑዋማ፣ ኢብራሂም ኦስማን፣ አዲንግራም በዚያው መንገድ ሄደዋል።

ለምን ክለብ መግዛት አስፈለገ የሚለውን ገንዘቡ በደንብ ያስረዳል። በፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች በክፍያ በተዘዋወረ ቁጥር ከክፍያው 5 በመቶ ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑ ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። አሁን ልጁን ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሳደገ አካዳሚ አለ እንበል። ድርሻው 2 በመቶ ይሆናል። ልጁ በ40 ሚሊዮን ዩሮ ሲሸጥ 800 ሺህ ዩሮ ማለት ነው። ለሰፈር ቡድን ይህ ተአምር ነው። ግን እንዲህ ያለ ልጅ በስንት ዓመት አንዴ ይገኛል? ደግሞም ገንዘቡን ለማግኘት ቡድኑ በፌዴሬሽን መመዝገብ አለበት፣ የልጁ የምዝገባ ወረቀት በትክክል መያዝ አለበት። ብዙ የአፍሪካ ቡድን ድርሻውን ሳያገኝ የኖረው ወረቀት ስለሌለው ነው። ፊፋ በ2022 ክፍያውን በቀጥታ የሚያስተላልፍ ማዕከል ፓሪስ ላይ ከፍቷል። ጥሩ ጅምር ነው። ወረቀት የሌለውን ግን አሁንም አይደርስለትም።

የአውሮፓ ክለብ ያለው ግን ፍርፋሪ አይጠብቅም። ኩዱስ ከኖርሼላን ሲሸጥ ሒሳቡ የራሱ ቤት ገባ። በዚያ ገንዘብ ኦልድ አክራዴ ላይ ያለው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይበላል፣ ይማራል። አንድ ኩዱስ ብዙ ልጅ ያስተምራል ማለት ነው፤ ኩዱስ የማይሆኑትን ጭምር።

እዚህ ጋ ነው የምፈራው

በ2021 የግብጹ የማንሱር ቤተሰብ ኩባንያ 120 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ የራይት ቱ ድሪም ዋናው ባለቤት ሆነ። ግብጽ ላይ አካዳሚ ተከፈተ። በ2023 ደግሞ ሳን ዲዬጎ ላይ አዲስ የአሜሪካ ሊግ ክለብ ለማቋቋም ፈቃዱ ብቻ 500 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ሳን ዲዬጎ በ2025 በመጀመሪያ ዓመቱ የምዕራቡን ምድብ በአንደኝነት ጨረሰ። አክራ ላይ በጥቂት ልጆች የተጀመረ ነገር አራት አገር ደረሰ።

ደስ ይላል። ግን ልብ ማለት አለብን። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጁ ሁለት ነገር ነው፤ ተማሪም፣ ሀብትም። ባለገንዘብ ገንዘቡን ተመልሶ ማየት ይፈልጋል፣ አይፈረድበትም። ሽያጩ ጥሩ ሲሆን መማሪያ ክፍሉም ይደምቃል። ሽያጩ ቢቀዘቅዝስ? መጀመሪያ የሚቀነሰው አሠልጣኝ ነው ወይስ የሒሳብ አስተማሪ? ይህን ጥያቄ ለራይት ቱ ድሪም ብቻ አላቀርብም። ሥራቸውን አከብራለሁ። በሞዴሉ ውስጥ የተቀመጠ አደጋ ስለሆነ ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ፣ ጋናዎቹ ራሳቸው የሚያነሡት። ምርጦቹ ልጆች የአገራቸውን ሊግ ሳይረግጡ ነው የሚሄዱት። ኩማሲ ወይም አክራ ስታዲየም የሚገባው ተመልካች የገዛ ልጁን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። ካካዎው ጥሬውን ሄዶ ቸኮሌት ሆኖ እንደሚመለስ። ይህን በቀላሉ የምመልሰው ነገር አይደለም። ግን ልጁን አስቀምጦ ሊጉን ማሳደግ አይቻልም። የልጁ ዕድሜ ሊጉ እስኪስተካከል አይጠብቅም።

ሴኔጋል ላይ ያሉት ሁለት ጊቢዎች ይህን ነገር በሁለት መንገድ ይዘውታል። ጄኔራሲዮን ፉት በ2000 ዳካር ላይ ተመሠረተ፣ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ተሳሰረ። ሜትዝ ይደግፋል፣ ሜትዝ ቀድሞ ይመርጣል። ሳዲዮ ማኔ፣ ኢስማኤላ ሳር፣ ፓፕ ማታር ሳር ከዚያ ወጡ። ዲያምባር ደግሞ በ2003 ሳሊ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በፓትሪክ ቪዬራ፣ በበርናርድ ላማ፣ በጂሚ አጆቪ ቦኮና በሳኤር ሴክ ተቋቋመ። «ዲያምባር» በወሎፍ ጀግና ተዋጊ ማለት ነው። እነሱ ገና ከጅምሩ የኳስ ፍቅር ልጁን ወደ ትምህርት የሚጎትት ሞተር ይሁን ብለው ተነሡ። ኢድሪሳ ጋና ጌዬ የእነሱ ልጅ ነው። ክለባቸው በ2013 የሴኔጋልን ሊግ ወስዷል። ስለዚህ «ትምህርት ካበዛህ ኳሱ ይቀራል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

ማኔን ካነሣሁ አይቀር፦ ልጅ ሳለ ኳስ ፍለጋ ባምባሊ ከምትባለው መንደሩ ተደብቆ ወደ ዳካር ጠፍቶ ነበር። ገንዘብ ሲያገኝ መንደሩ ላይ ትምህርት ቤት አሠራ። ሆስፒታልም አሠራ። ሌላ ነገር መሥራት ይችል ነበር። ምን እንደጎደለው የሚያውቀው ራሱ ነው።

ሴቶቹን ልጆች ደግሞ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ራይት ቱ ድሪም በ2013 ለሴቶች ልጆች አዳሪ አካዳሚ ከፈተ፤ በአፍሪካ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት ነው። እዚህ ትምህርቱ ሌላ ሥራ ይሠራል። የጋና አባት ወንድ ልጁን ለኳስ ብሎ ሊልክ ይችላል። ሴት ልጁን ለኳስ ብሎ አይልክም። ለትምህርት ቤት ግን ይልካታል። ትምህርት ቤቱ ለወንዱ መውደቂያ ፍራሽ ነው፤ ለሴቷ መግቢያ በሩ ራሱ ነው። የሴቶች ኳስ የሚከፍለው ገንዘብ ገና ትንሽ በመሆኑ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ መንገድ ለእነሱ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

ከእኛ ቤት

እኛ በካልሲ ኳስ ያደግን ሰዎች ይህን ወሬ የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ልናነበው አንችልም። እኛም ቤት ኳስና ደብተር ጠላት ነበሩ። ኳስ በቢላዋ የተቀደደበት ልጅ በየሰፈሩ አለ። ወላጅ ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ ኳስ ተጫውቶ ቤት ሠርቶ ያየው ሰው ስላልነበረ ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ልጁ ዲኤስቲቪ ላይ የኩዱስን ደመወዝ ይሰማል፣ አባቱም ይሰማል። አሁን የሚያሰጋው ደብተሩ በቢላዋ እንዳይቀደድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚ አለ፣ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ አለ። የመንግሥት ናቸው። ከእነሱ ውጭ ግን በየሰፈሩ ወር ወር እያስከፈሉ ልጅ የሚያሠለጥኑ ሞልተዋል። ጎበዞችም አሉ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ለልጆቻቸው ክለብ በየዓመቱ ብዙ ዶላር ይከፍላሉ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው።

ስለዚህ ልጅሽን ወይም ልጅህን የሚጠይቅ አካዳሚ ሲመጣ ሜዳውን ብቻ እያዩ አለመመለስ ነው። የሒሳብ አስተማሪው ማነው? ስንት ሰዓት ይማራሉ? ልጁ ጉልበቱን ቢጎዳ ትምህርቱን እስከየት ትችሉለታላችሁ? በስሙ የሚፈረም ወረቀት ካለ ቅጂውን ስጡኝ። ገንዘብ የምትጠይቁኝስ ለምንድን ነው? እውነተኛ ተሰጥኦ ያየ ክለብ ከድሃ ቤተሰብ የቪዛ ገንዘብ አይሰበስብም።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የኮከቦች ፎቶ ያሳዩሻል። እይላቸው፣ አድንቂላቸው። ከዚያ በእነዚያ ልጆች ዓመት አብረው ገብተው ተጫዋች ያልሆኑትን የሦስት ልጆች ስልክ ስጡኝ በይ። ከሰጡሽ ደውይላቸው። ስልኩ የለንም ካሉሽ የልጅሽን እጅ ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።